ማህፀን ከወጣ በኋላ የሚጨምረው ኪሎ የማን ነው?

ከሆስፒታል የተመለሰች ሴት ቤት እንደ አራስ ቤት ነው። ገንፎው መሃሉ ተጎድጉዶ በቅቤና በበርበሬ ተሞልቶ ይቀርባል፤ አጥሚቱ በፔርሙዝ ይመጣል፤ አንዷ ዶሮ ሠርታ፣ ሌላዋ ጉበት ጠብሳ፣ ሌላዋ ቀይ ሥር ጨምቃ ትደርሳለች። «ብዪ እንጂ፣ ደም ይተካልሽ» ይባላል። «ተይ አትነሺ፣ ምን ፈልገሽ ነው? እኔ አመጣልሻለሁ» ይባላል። ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን ስቶክሆልም፣ የአገራችን ሰው ባለበት ሁሉ ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት የምታገግመው በዚህ ፍቅር ተከባ ነው። ሐኪም ቤቱም የራሱን ወረቀት ሰጥቶ ሸኝቷታል፤ ለስድስት ሳምንት ያህል ከአራት ኪሎ ተኩል በላይ የሚመዝን ነገር እንዳታነሳ ይላል። ሦስት ወር ሲሞላት የቀሚሱ ዚፕ አልዘጋ ይላል። በዚያው ሰሞን አንድ አዲስ ነገር በሕይወቷ ገብቷል፦ ከእምብርት በታች ወይም ዳሌ ላይ የሚለጠፍ፣ የቴምብር ያህል ስፋት ያለው ስስ ፕላስተር። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀየራል፤ ሲነሳ የጠርዙ ሙጫ ከልብስ ብናኝ ጋር ተጣብቆ ቆዳው ላይ ግራጫ መስመር ይተዋል። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ወደ ደሟ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። ሚዛን ላይ ወጥታ ሦስት ኪሎ ጨምራ ስታገኝ ዓይኗ ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ፕላስተር ላይ ነው።

ይህ ጥርጣሬ ከሰው የመጣ እንጂ ከሞኝነት የመጣ አይደለም። ጓደኛ «ሆርሞን ያወፍራል» ትላለች፣ እናት ትደግማለች፣ አንዳንዴም የጤና ባለሙያ ሳይቀር ይደግመዋል። ነገር ግን ማስረጃው ሲገላበጥ ጥርጣሬው ያረፈው ቦታውን ስቶ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቦታውን መሳቱም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ፕላስተሩን ነቅላ የምትጥል ሴት ኪሎውን አትጥልም። እንቅልፏን፣ አጥንቷን፣ እንደ ዕድሜዋም ልቧን የሚጠብቅላትን ነገር ጥላ፣ ኪሎውን ይዛ ትቀራለች። የክብደቱ መነሻ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ሕመም፣ በማገገሚያው ወራት፣ በጡንቻ መሳሳት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከማህፀኑ ጋር ሌላ ምን እንደወጣ በሚለው ጥያቄ ውስጥ። መቀነሻው መንገድም የሚገኘው እዚያው ነው።

ከዚሁ ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር። ማህፀን ማውጣት በአንድ ስም ቢጠራም የተለያዩ ቀዶ ሕክምናዎችን ያቅፋል። ብዙዎቹ ሴቶች ወደዚህ የሚደርሱት ማዮማ በሚባለው፣ ካንሰር ባልሆነ የማህፀን ዕጢና እሱ በሚያመጣው ደም መፍሰስ ነው፤ ሌሎች ማህፀን ከቦታው ወደ ታች በመንሸራተቱ፣ በካንሰር፣ የማህፀን ሽፋን መሰል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ በሚያድግበት በኢንዶሜትሪዮሲስ ሕመም። ማህፀን ራሱ ግን ክብደትን የሚመራ ሆርሞን አምራች አይደለም። ያ ሥራ በዋናነት የሁለቱ የእንቁላል ማምረቻዎች፣ ሐኪሞች ኦቫሪ የሚሏቸው፣ ነው። እነሱ ከተተዉ ሴትዮዋ የወር አበባዋ ይቆማል እንጂ አላረጠችም፤ ብዙ ጊዜም የሆርሞን ሕክምና ወዲያው አያስፈልጋትም። አብረው ከወጡ ግን ማረጥ በዓመታት ተንቀርፍፎ የሚመጣ እንግዳ መሆኑ ይቀርና በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠናቀቃል። በሳምንታት ውስጥ ፊት መቃጠሉ፣ ሌሊት በላብ መንቃቱ፣ ልብ መምታቱ ይጀምራል። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ዓመታት የሚያሳልፉ ሴቶች አሉ፤ ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጪ ኦቫሪዎችሽ ይኑሩ አይኑሩ በጽሑፍ ካልተሰጠሽ፣ ያ ወረቀት ከማንኛውም የአመጋገብ ምክር ይቀድማል። አብሮ የሚነገር ሌላ እምነትም አለ፤ ማህፀን ሲወጣ የቀረውን ባዶ ቦታ ስብ ይሞላዋል ይባላል። ጤነኛ ማህፀን ከ60 እስከ 80 ግራም ገደማ ቢመዝን ነው። የተወው ቦታ ትንሽ ነው፤ አንጀት ወርዶ ይይዘዋል እንጂ ሰውነት ስብ እየላከ የሚሞላው ጉድጓድ አይደለም።

አሁን ወደ ተከሰሰው ሆርሞን እንምጣ። ክሱን ለመመርመር ጥሩው መንገድ ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን እውነተኛውን ሆርሞን፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን መስጠትና መመዘን ነው። ይህ ተደርጓል። አሜሪካ ውስጥ 875 ሴቶችን ለሦስት ዓመት የተከታተለው ፔፒ የተባለ ጥናት ውጤቱ ከ1995 ጀምሮ ወጥቷል። በሦስቱ ዓመታት ውስጥ ሁሉም ወገኖች ክብደት ጨመሩ፤ ባዶውን ክኒን የወሰዱት ግን ሆርሞኑን ከወሰዱት በአማካይ አንድ ኪሎ ገደማ በልጠው ጨመሩ። ጥናቶችን በአንድ ላይ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማም ኢስትሮጅን ለብቻውም ሆነ ከፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒት ጋር በማረጥ ጊዜ ከሚመጣው የተለየ ክብደት እንደሚጨምር የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ስዊዘርላንድ ሎዛን ውስጥ ከሺህ በላይ ሴቶችን በራጅ መሰል መሣሪያ የለካው ኦስቲዮላውስ የተባለ ጥናት በ2018 ያወጣው ደግሞ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ሆርሞኑን በመውሰድ ላይ ያሉት በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ካልወሰዱት ያነሰ ነበር። ቀድሞ ወስደው ያቆሙት ግን ካልወሰዱት አልተለዩም። ያ የሆድ ዕቃ ስብ፣ በጉበትና በአንጀት መሃል የሚሰገሰገው፣ ለስኳርና ለልብ ሕመም የሚያጋልጠው ነው። ሎዛኖቹ ሴቶች በዕጣ የተመደቡ ስላልነበሩ እንደ ፔፒ ክብደት አልሰጠውም፤ አቅጣጫው ግን ተመሳሳይ ነው።

እዚህ ላይ ማህፀን ለወጣላት ሴት ብቻ የሚሆን አንድ ነገር አለ፤ ሳይነገራት መቅረቱ ያሳዝነኛል። በሆርሞን ሕክምና ውስጥ ፕሮጄስትሮን የሚጨመረው በዋናነት የማህፀንን ግድግዳ ከካንሰር ለመጠበቅ ነው። ማህፀን ከሌለ የሚጠበቅ ግድግዳ የለም፤ ስለዚህ አብዛኞቹ ኢስትሮጅን ብቻ ይሰጣቸዋል። በ2002 ዓለምን ያስደነገጠው፣ ሆርሞንን ከጡት ካንሰር ጋር ያያያዘው የአሜሪካ የሴቶች ጤና ጥናት ዜና የመጣው 16,608 ማህፀን ያላቸው ሴቶች ሁለቱን ሆርሞኖች በአንድ ላይ ከወሰዱበት ክፍል ነው። ማህፀን የወጣላትን ሴት የሚመለከተው ሌላው ክፍል ነው፦ ማህፀናቸው የወጣ 10,739 ሴቶች ኢስትሮጅን ብቻ ወይም ባዶ ክኒን የወሰዱበት። እሱም በ2004 ከጊዜው ቀድሞ ተቋርጧል፤ ምክንያቱ ስትሮክ ነበር፤ ከ10,000 ሴቶች መካከል በዓመት 12 ያህል ተጨማሪ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጥናቱ የተሠራው አማካይ ዕድሜያቸው 63 ገደማ በሆነ ሴቶች ላይና በክኒን መሆኑን ግን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያው ጥናት ኢስትሮጅን ብቻ የወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር አልጨመረም፤ በ2020 የወጣው የረዥም ጊዜ ክትትል እንዲያውም መቀነሱን አሳየ። የስኳር በሽታም ባዶውን ክኒን ከወሰዱት ይልቅ በ14 በመቶ ገደማ ያነሰ ነበር። የሚያወፍርና ስብን በሆድ የሚከምር መድኃኒት ስኳርን ሲቀንስ ማየት የሚጠበቅ አይደለም።

«ጥናቱ ይበል እንጂ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፕላስተሩን ስጀምር ነው የጨመርኩት» የምትል ሴት ተሳስታለች ብሎ ማለፍ አይገባም። ያየችውን አይታለች። ጥያቄው ያየችው የምን ሥራ ነው የሚለው ነው። ኢስትሮጅን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በአንዳንድ ሴቶች ላይ ውሃ እንዲቋጠር ያደርጋል፤ ጡት ይወጠራል፣ ቀለበት ይጠባል፣ ሚዛኑ አንድ ሁለት ኪሎ ሊያሳይ ይችላል፤ ይህ ስብ አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜም መጠኑ ሲስተካከል ወይም ሰውነት ሲለምደው ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ፕላስተርና ክኒን አንድ አይደሉም። በአፍ የተዋጠ ኢስትሮጅን ወደ ደም ከመግባቱ በፊት በጉበት ያልፋል፤ እዚያም ጉበት ስብን የሚያቃጥልበትን መንገድ ይነካል። በ1998 የታተመ የሲድኒ ጥናት 18 ሴቶችን አንድ ጊዜ በክኒን፣ አንድ ጊዜ በፕላስተር ለስድስት ስድስት ወር አስወስዶ አነጻጽሮ ነበር። በክኒኑ ወቅት ከፕላስተሩ ጋር ሲተያይ ስብ በ1.2 ኪሎ ጨምሮ፣ ስብ ያልሆነው የሰውነት ክፍል በዚያው መጠን ቀንሶ ተገኘ። የሴቶቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ብቻውን ፍርድ አያሰጥም። ነገር ግን ክኒን የምትወስድና ሆዷ የከበዳት ሴት ሆርሞኑን ከማቆሟ በፊት «በቆዳ የሚገባው ይሻለኝ ይሆን?» ብላ ሐኪሟን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ነው፤ በተለይ በቆዳ የሚገባው የደም መርጋትን በተመለከተም ከክኒኑ የተሻለ ተደርጎ ስለሚታይ።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙም ስለማይወራ ረጋ ብዬ ልናገረው። የእንቅርት ዕጢዋ፣ ታይሮይድ የሚባለው፣ ሰነፍ ሆኖባት ሌቮታይሮክሲን የተባለውን ክኒን በየጠዋቱ የምትወስድ ሴት አለች እንበል። ለዓመታት መጠኑ ተስተካክሎላታል። አሁን በአፍ የሚወሰድ ኢስትሮጅን ጀመረች። ኢስትሮጅኑ በጉበት ሲያልፍ የታይሮይድን ሆርሞን በደም ውስጥ ይዞ የሚዞረው ፕሮቲን እንዲበዛ ያደርጋል፤ የበዛው ፕሮቲን ሆርሞኑን አፍኖ ይይዛል፣ ለሰውነት ሥራ ነጻ ሆኖ የሚቀረው ያንሳል። ጤነኛ ዕጢ ያላት ሴት ተጨማሪ አምርታ ጉድለቱን ትሞላለች፤ በክኒን የምትኖረው ግን መሙላት አትችልም። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ሆድ ድርቀት፣ የክብደት መጨመር ይከተላል፤ ጥፋቱም ሁሉ በኢስትሮጅኑ ላይ ይለጠፋል። ይህ በ2001 በጥናት ተገልጾ የታወቀ ነገር ነው፤ መፍትሔውም ኢስትሮጅኑን ከጀመሩ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ የሚደረግ አንድ የደም ምርመራና የሌቮታይሮክሲኑን መጠን ማስተካከል ነው። ይህ ምርመራ ሳይደረግላት በራሷ ሆድ ስታፍር የምትከርም ሴት ልትኖር አይገባም።

ታዲያ ኪሎው ከየት መጣ? ኖርዝ ካሮላይና ዱራም አካባቢ የተሠራ ጥናት ማህፀናቸው የወጣ ነገር ግን ኦቫሪ የቀረላቸውን ሴቶች ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላቸው ጋር ለአንድ ዓመት አነጻጽሯል። የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 1.36 ኪሎ፣ ሁለተኞቹ 0.61 ኪሎ ጨመሩ። ልዩነቱ በአማካይ ሲታይ አንድ ኪሎ አይሞላም። ግን ከአራት ኪሎ ተኩል በላይ የጨመሩት ከመጀመሪያዎቹ 23 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 15 በመቶ ነበሩ። ልብ በሉ፤ ሐኪም አታንሺ ያለውን ያህል ክብደት ነው በዓመት ውስጥ በሰውነታቸው የተሸከሙት። የተደረገላቸው ቀዶ ሕክምና እንጂ የሆርሞን ፕላስተር አልነበረም። ኦቫሪ መቅረቱም ሙሉ ዋስትና አይሰጥም፤ ኒውዚላንድ ውስጥ በ2005 የታተመ ጥናት ማህፀናቸው ብቻ የወጣ ሴቶች ከሌሎቹ በ3.7 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚያርጡ አሳይቷል። ሜዮ ክሊኒክ ባለበት በሚኒሶታ የተደረገው ክትትል ደግሞ፣ በ2018 የወጣው፣ ከ1980 እስከ 2002 ድረስ ማህፀናቸው ብቻ የወጣላቸውን ከ2,000 በላይ ሴቶች ከእኩዮቻቸው ጋር አስተያይቶ ከልክ ያለፈ ውፍረት በ18 በመቶ፣ የደም ግፊት በ13 በመቶ ከፍ ብሎ አገኘ። ሁለቱም ኦቫሪ ሲወጡ የክብደቱ ጭማሪ እንደሚፈጥን ስዋን በሚል ስም የሚታወቀው የአሜሪካ ጥናት ዘግቧል። የኢስትሮጅን ማነስ ወደ ውፍረት የሚያዘነብል ከሆነ፣ ኢስትሮጅንን መመለስ የውፍረቱ ምንጭ ነው ማለት እንደምን ይሆናል?

ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ሕይወት አስቡ። ማዮማ ያለባት ሴት ለዓመታት ደሟ ሲፈስ ኖራለች፤ ደም ማነስ አድክሟታል፣ መንቀሳቀስ ትታለች፣ ጡንቻዋ ቀዶ ሕክምናው ሳይመጣ መሳሳት ጀምሯል። ከዚያ ስድስት ሳምንት ዕረፍት ይታከላል፣ ገንፎና አጥሚት ይታከላል። ደም መፍሰሱ ሲቆም የምግብ ፍላጎት ይከፈታል፤ ይህ የመዳን ምልክት ነው፣ የሚያስደስትም ነው። ኦቫሪ ከወጣ ሌሊቱ በላብ ይቆራረጣል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ይበላል። በቺካጎ በ80 ወጣት ጎልማሶች ላይ ተሠርቶ በ2022 የታተመ ጥናት ትንሽ የሚተኙ ሰዎች ከአንድ ሰዓት በላይ ተጨማሪ እንዲተኙ ሲደረግ ማንም ስለ ምግብ ሳይመክራቸው በቀን 270 ካሎሪ ገደማ ያነሰ እንደበሉ አሳይቷል። እነዚያ ወጣቶች ነበሩ፤ ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ በሌሊት ሦስት ጊዜ አንሶላ የምትቀይር ሴት ጉዳይ ከዚህ ይቀላል ብዬ አላምንም። ኢስትሮጅን ለክብደት የሚሠራው ትልቁ ውለታ በእኔ እይታ ይህ ነው፦ እንቅልፍን መመለስ።

«ዕድሜ ነው፣ ሰውነት ማቃጠል አቁሟል፣ ምንም ብታደርጊ አይወርድም» የሚለው ተስፋ ማስቆረጫ ደግሞ በራሱ መመርመር አለበት። ከ29 አገሮች የተሰበሰበ፣ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጥቶ ነበር። ሰውነት በቀን የሚያቃጥለው ጉልበት፣ የሰውነት መጠንና የጡንቻ ብዛት ታስቦ ሲለካ፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ እምብዛም አይለዋወጥም፤ በሴቶችም ላይ በማረጥ ዕድሜ የሚታይ መውደቅ አልነበረም። ዋናው ቃል «የጡንቻ ብዛት ታስቦ» የሚለው ነው። ጡንቻው ከቀነሰ የሚቃጠለውም ይቀንሳል። ስዋን በተፈጥሮ ያረጡ ሴቶችን ሲከታተል ያየውም ይህንኑ ነው፤ በማረጥ ሽግግር ላይ ክብደት እንደቀድሞው በዝግታ መጨመሩን ሲቀጥል፣ ውስጥ ለውስጥ ግን ስብ የሚጨምርበት ፍጥነት በእጥፍ ሆነ፣ ጡንቻ መቀነስ ጀመረ። ሚዛን ይህን አያሳይም። ሁለት ኪሎ ጡንቻ ሄዶ ሁለት ኪሎ ስብ ቢተካው ሚዛኑ ዝም ይላል፤ የሚናገረው የቀሚሱ ዚፕ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር በእምብርት ዙሪያ አዙሮ በየወሩ መለካት ከየጠዋቱ ሚዛን ይልቅ እውነቱን ያወጣል።

መቀነስ የሚቻል ለመሆኑ ምስክሩ ማን ነው? የስኳር በሽታን መከላከያ ፕሮግራም የተባለው የአሜሪካ ጥናት 3,234 ለስኳር የተቃረቡ ሰዎችን ይዞ በ2002 ውጤቱን አሳወቀ። ከሰውነታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተረዱት ወገኖች ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2011፣ ተመራማሪዎች ከነዚያው ሰዎች መካከል ሁለቱም ኦቫሪ የወጡላቸውን ሴቶች ለይተው አዩ። አብዛኞቹ ሆርሞን የሚወስዱ ነበሩ። የአኗኗር ለውጡን ከተከተሉት መካከል እነዚህ ሴቶች ስኳር የያዛቸው በተፈጥሮ ካረጡት እንኳ ባነሰ መጠን ሆኖ ተገኘ። በቁጥር ብዙ አልነበሩም፤ ቢሆንም ለጉዳያችን ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አላውቅም፦ ኦቫሪ የሌላቸው፣ ሆርሞን የሚወስዱ፣ ግን ምግብና እንቅስቃሴ በደንብ የሠራላቸው ሴቶች።

ምግብ ስል ከቤታችን ትሪ ልነሳ። እንጀራን መክሰስ ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን ቀድሞ መታየት ያለበት ዘይቱ ነው እላለሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ቁሌቱ ላይ ግን በማንኪያ የሚለካ የለም፤ ከጀሪካኑ በዓይን ግምት ነው የሚንቆረቆረው። አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ ዘይት ከ500 ካሎሪ አያንስም፤ በሁለት ዓይነት ወጥ ሁለት ሲኒ ይሆናል። ሽንኩርቱን በራሱ ውሃ አቁላልቶ ዘይቱን በማንኪያ እየለኩ መጨመር ጣዕሙን ሳይገድል ግማሹን ያስቀራል። ሁለተኛው ትሪው ራሱ ነው። አብሮ መብላት ውብ ነገር ነው፣ ይቅር አልልም፤ ግን በትሪ ላይ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፣ ጉርሻም አይቆጠርም። ሥራ ቀን ላይ በሰሃን፣ እሑድ በትሪ ቢሆን ብዙ ነገር ይለወጣል። ሦስተኛው ቡናው ሳይሆን የቡና ቁርሱና ስኳሩ ነው፤ ሦስቱን ዙር በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር የጠጣች ሴት ስድስት ማንኪያ ወስዳለች። ጾሙ ደግሞ ወደ መቅጠንም ወደ መወፈርም ይወስዳል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን የሞላበት ጾም ከብዙ የሚሸጥ የክብደት መቀነሻ ፕሮግራም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ሳምቡሳ፣ ፓስታና በዘይት የዋኘ ፍርፍር የሆነ ጾም ግን ያወፍራል፣ ጡንቻም አይጠብቅም። ሽሮው ሲቀጥን ፕሮቲኑም አብሮ ይቀጥናል። አንድ ሙሉ ጎድጓዳ ሰሃን የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ አንድ እንቁላል ስድስት ያህል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደም ይተካል ተብሎ የሚመጣው ጉበት፣ ዶሮና ምስር ይምጣ፤ ለቁስሉም ለጡንቻውም ይረዳል። ከገንፎው ላይ ቅቤውን መቀነስ ይቻላል።

አንዳንዷ ክርክሩን እስከ ጫፉ ወስዳ «ሆርሞኑ ሆድን የሚቀንስ ከሆነ ለክብደት መቀነሻ ልውሰደው» ልትል ትችላለች። አይሆንም። ልዩነቱ በአማካይ ትንሽ ነው፤ ለዚህ ዓላማ የተፈቀደ ሕክምናም አይደለም፤ ስትሮክና የደም መርጋት የሚባል ዋጋም አለው። ስለ አዳዲሶቹ የክብደት መቀነሻ መርፌዎችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከእነሱ አንዱ፣ ሴማግሉታይድ፣ ለውፍረት በአሜሪካ የተፈቀደው በ2021 ነው፤ በዋናው ጥናት በ68 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 14.9 በመቶ ክብደት አስቀንሷል፣ ባዶው መርፌ 2.4 በመቶ። በ2024 ከሜዮ ክሊኒክ የወጣ ሪፖርት ያረጡ ሴቶች መርፌውን ከሆርሞን ሕክምና ጋር ሲወስዱ በአንድ ዓመት 16 በመቶ፣ ያለ ሆርሞን 12 በመቶ እንደቀነሱ ጻፈ። ሆርሞን የወሰዱት ግን 16 ሴቶች ብቻ ነበሩ፣ በዕጣም አልተመደቡም፤ በደንብ የተኛችና የተረጋጋች ሴት ለራሷ የተሻለ ስለምትጠነቀቅ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሆርሞኑ ክብደት መቀነስን እንዳልከለከለ። መርፌውን የምትወስድም ብትሆን ከምትቀንሰው ኪሎ ውስጥ ጡንቻም አለበትና ቀጣዩ ጉዳይ ለእሷ ይብሳል።

ይህም ክብደት ማንሳት ነው። በእኛ ዘንድ በዚህ ዕድሜ ላለች ሴት የሚመከረው እግር ጉዞ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ለልብም ለአእምሮም። ግን ጡንቻና አጥንትን የሚመልሰው ሸክም ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ሊፍትሞር በሚባል ጥናት አጥንታቸው የሳሳ 101 ያረጡ ሴቶች ተመደቡ፤ ግማሾቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ30 ደቂቃ በባለሙያ ቁጥጥር ከባድ ብረት አነሱ። ከስምንት ወር በኋላ የወገብ አጥንታቸው ጠንክሮ፣ ጉልበታቸው ጨምሮ ተገኘ። እነዚህ ስፖርተኞች አልነበሩም። ማህፀኗ የወጣላት ሴት ግን «አታንሺ» የሚለውን ቃል ከሆስፒታል ይዛ ወጥታለች፤ ቤተሰቡም በቅንነት ለዓመታት ያከብርላታል። ልጆቿ የገበያውን ዕቃ ይነጥቋታል፤ እህቷ ባልዲውን ትቀማታለች። ያ ክልከላ የተጻፈው ለስፌቱ ነው፤ ስፌቱ ከዳነ በኋላ ማንም መጥቶ የሚሽረው የለም።

ሆርሞኑን ማቆም ስለሚያስከፍለው ዋጋም መናገር አለብኝ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እጅግ የሚያሳስበኝ ነገር ነውና። ነርሶችን ለአሥርተ ዓመታት የተከታተለው የአሜሪካ ጥናት በ2009 ማህፀናቸው የወጣ 29,380 ሴቶችን መርምሮ ነበር። ከ50 ዓመት በፊት ሁለቱም ኦቫሪ ወጥተውላቸው ኢስትሮጅን ጨርሶ ያልወሰዱት ላይ የልብ በሽታ፣ ስትሮክና ሞት ኦቫሪያቸው ከቀረላቸው በልጦ ታየ። ለዚህ ነው የሕክምና መመሪያዎች በወጣትነታቸው ኦቫሪ ለወጣላቸው ሴቶች፣ የሚከለክል ሕመም ከሌለ፣ ቢያንስ እስከ ተፈጥሯዊው የማረጥ ዕድሜ፣ 51 ዓመት ገደማ፣ ኢስትሮጅን እንዲሰጥ የሚመክሩት። አርባ ሁለት ዓመቷ ላይ ፕላስተሯን ለሦስት ኪሎ ብላ ነቅላ የምትጥል ሴት የምትነግደው ምንን በምን እንደሆነ ቢነገራት ብዙዎቹ አይነቅሉትም ብዬ አምናለሁ። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ታሪክ ላላት ሴት ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ እሱን ከሐኪሟ ጋር ነው የምትጨርሰው።

ስለዚህ በስድስተኛው ወይም በስምንተኛው ሳምንት ላይ ያለው ቀጠሮ፣ ብዙ ጊዜ አሥር ደቂቃ የሚወስደውና ስፌቱ ታይቶ የሚያበቃው፣ ከዚያ በላይ ነገር ሊጠየቅበት የሚገባ ቀጠሮ ነው። ኦቫሪዎቼ ቀርተውልኛል? የምወስደው ኢስትሮጅን ብቻ ነው? በአፍ የሚዋጠው ይሻለኛል ወይስ በቆዳ የሚገባው? የእንቅርት መድኃኒት ስለምወስድ ደሜ መቼ ይታይ? የደም ማነሴስ ጠፍቷል? የወገቤን ዙሪያ ትለኩልኛላችሁ? ከዚያም ከሁሉ የሚቀለውና እምብዛም የማይጠየቀው፦ ከዛሬ ጀምሮ ማንሳት እችላለሁ ወይ፣ ስንት ኪሎስ? መልሱ «ትችያለሽ» ከሆነ፣ ወጥ ቤት ጥግ ላይ የተቀመጠው የአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ከነዘይቱ አራት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ያን ከመሬት ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ መሬት፣ ወገብ ሳይጎብጥ በጉልበት እየተነሱ፣ አሥር ጊዜ።